ከሐዲዱ ዳር፦ የሳኦ ፓውሎ ዳርቻ ሰፈሮችና የባዕድ አገር ነዋሪዎቻቸው

የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ ከባሕር ወለል በላይ 760 ሜትር ያህል ከፍ ባለ አምባ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚለያት ሴራ ዶ ማር የሚባለው ደን የለበሰ ገደል ሲሆን፣ ከገደሉ ግርጌ የሳንቶስ ወደብ ይገኛል። ዛሬ ከተማዋና በዙሪያዋ የተያያዙት 38 ከተሞች በአንድነት ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርባቸዋል። ከዚህ ሕዝብ ሰፊው ክፍል እንጀራው መሀል ከተማ፣ ቤቱ ግን ዳር ነው፤ ጎሕ ሲቀድ በባቡርና በአውቶቡስ ገብቶ ሲመሽ በመጣበት ይመለሳል። እነዚህን የተመላላሽ ሰፈሮች ከቆረቆሩትና ካሳደጓቸው ሰዎች መካከል ከውጭ አገር የመጡት ድርሻ ትልቅ ነው። ከኢጣሊያዊው ጡብ ሠሪ እስከ ሄይቲያዊው ግንበኛ ድረስ መጤው የት እንደሚሰፍር የወሰኑት በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የቦታው ዋጋና የባቡር ጣቢያው ርቀት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቡናው ሐዲድ

በ1872 በተደረገው ቆጠራ ሳኦ ፓውሎ ወደ 31 ሺህ የሚጠጋ ነዋሪ የነበራት መለስተኛ ከተማ ነበረች። ያሳደጋት ቡና ነው። ከኢትዮጵያ ደኖች ተነሥቶ በየመን፣ በአውሮፓ የዕፀዋት ማቆያዎችና በፈረንሳይ ጊያና በኩል ዞሮ በ1727 ብራዚል የገባው ይህ ተክል፣ በ19ኛው መቶ ዘመን የሳኦ ፓውሎን ቀይ አፈር አገኘና በሰፊው ተስፋፋ። ችግሩ ምርቱን ወደ ወደብ ማድረስ ነበር። ቡናው በበቅሎ ተጭኖ ገደሉን ሲወርድ ብዙ ቀን ይፈጃል፤ በዝናብ ወራትም መንገዱ ይቆረጣል።

በ1856 የብራዚል ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት ሐዲድ ለመዘርጋትና ለ90 ዓመት ለማስተዳደር የሚያስችል ፈቃድ ሰጠ። ከፈቃዱ ባለቤቶች አንዱ የማዋ ባሮን በመባል የታወቀው ነጋዴ ኢሪኔው ኢቫንዤሊስታ ዴ ሶውዛ ነበር። ገንዘቡና መሐንዲሶቹ ግን ከብሪታንያ መጡ። ከሳንቶስ ተነሥቶ በሳኦ ፓውሎ በኩል እስከ ዡንዲያኢ የሚደርሰው የ139 ኪሎ ሜትር መስመር የካቲት 1867 ላይ ሥራ ጀመረ። 800 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን ገደል ፉርጎዎቹ በእንፋሎት ሞተር በሚጠቀለል የብረት ገመድ እየተሳቡ ይወጡት ነበር።

መስመሩ የታሰበው ለጆንያ እንጂ ለመንገደኛ አልነበረም። ለሐዲድ የሚመቸው ደልዳላ መሬት በታማንዱዋቴኢና በቲዬቴ ወንዞች ዳር የተዘረጋው ሜዳ ስለነበር ባቡሩ በዚያው አለፈ። ሜዳው በየክረምቱ ጎርፍ ስለሚያጥለቀልቀው ዋጋው ርካሽ ነበር። ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃና የድንጋይ ከሰል በቀጥታ ከፉርጎ ለማውረድ ሲሉ ከሐዲዱ ዳር ተተከሉ፤ ሠራተኛውም ከፋብሪካው አጠገብ ሰፈረ። የቡና ባለጸጎች በተቃራኒው ጎርፍና ትንኝ ወደማይደርስበት ከፍታ ወጡ፤ በ1891 የተከፈተው የፓውሊስታ ጎዳና የዚህ ምርጫ ምልክት ነው። ሀብታሙ ኮረብታ ላይ፣ ድኻው ሐዲድ ዳር የሚለው አከፋፈል የከተማዋን ካርታ እስከ ዛሬ ድረስ ቀርጾታል።

ቤት የተዘጋጀላቸውና ያልተዘጋጀላቸው

ከሐዲዱ ጋር የመጡት የመጀመሪያዎቹ የውጭ አገር ሰዎች የእንግሊዙ ባቡር ኩባንያ ሠራተኞች ነበሩ። ከገደሉ አናት፣ ጉም በማይለየው ስፍራ ላይ ኩባንያው ፓራናፒያካባ የተባለችውን የሠራተኞች መንደር ሠራ። መንገዶቿ ቀጥ ብለው የተቀየሱ፣ ቤቶቿ ከእንጨት የተሠሩ ነበሩ። የዋናው መሐንዲስ ቤት መንደሩንና ጣቢያውን ቁልቁል ከሚያሳይ ጉብታ ላይ ተቀምጧል፤ የአለቆች ቤት ሰፊ፣ የባለትዳር ሠራተኞች ቤት መካከለኛ፣ የወንደላጤዎች ማደሪያ ደግሞ የጋራ ነበር። የመንደሩ ነዋሪ ኪራይ ፍለጋ አይዞርም፤ ቤቱ ከሥራው ጋር ይሰጠዋል፣ ሥራው ሲያልቅም ይቀራል።

ሁለተኛው ዓይነት መጤ ቤት የሚያዘጋጅለት አልነበረውም። በ1880ዎቹ የባርነት ሥርዓት መፍረሱ የማይቀር መሆኑን የተረዱት የቡና እርሻ ባለቤቶች በ1886 የስደተኞች አስመጪ ማኅበር አቋቋሙ። መንግሥት የመርከብ ዋጋቸውን እየከፈለ ቤተሰቦችን ከነልጆቻቸው ከአውሮፓ ማስመጣት ተጀመረ። ባርነት ግንቦት 1888 በሕግ ሲሻር ነጻ የወጣው ጥቁር ሕዝብ መሬትም ካሳም አላገኘም፤ የመንግሥት ገንዘብ የፈሰሰው በአብዛኛው ከኢጣሊያ፣ ቀጥሎም ከስፔንና ከፖርቱጋል ለሚመጡት ነበር።

ለእነዚህ ሰዎች በብራስ ሰፈር ትልቅ የእንግዶች ማረፊያ ተሠራ። ቦታው የተመረጠው ከሳንቶስ የሚመጣው መስመርና ከሪዮ ዴ ዣኔሮ የሚመጣው መስመር የሚገናኙበት ስለሆነ ነው። ከመርከብ የወረደው ቤተሰብ ሳንቶስ ላይ ባቡር ተሳፍሮ በቀጥታ ማረፊያው ደጃፍ ይወርዳል፤ ስሙ ይመዘገባል፣ ሐኪም ያየዋል፣ ለጥቂት ቀናት በነጻ እየበላ ያድራል፣ ከዚያም የእርሻ ውል ፈርሞ እንደገና ባቡር ይሳፈራል። ማረፊያው በ1887 ሥራ ጀምሮ በ1978 እስኪዘጋ ድረስ ወደ 2.5 ሚሊዮን ሰዎች አልፈውበታል። ዛሬ የስደት ሙዚየም ሆኗል።

ብዙዎቹ ግን እርሻው ላይ አልቆዩም። ክፍያው ያንሳል፣ የባለእርሻው ሱቅ ዕዳ ያበዛል፣ አንዳንዱ አለቃም የባርነቱን ዘመን ጠባይ አልተወም። የኢጣሊያ መንግሥት በ1902 በነጻ የመርከብ ቲኬት ወደ ብራዚል መሄድን እስከ መከልከል ደረሰ። ከእርሻ የሸሸው ቤተሰብ የሚያውቀው የከተማ ሰፈር አንድ ነው፤ መጀመሪያ የወረደበት ብራስ። በዚህ ምክንያት የከተማዋ ሕዝብ በ1890 ከነበረበት 65 ሺህ ገደማ በ1900 ወደ 240 ሺህ ተመነጠቀ። በብራስ፣ በሞካና በባራ ፉንዳ አንድን ግቢ ለብዙ ቤተሰብ እየሸነሸኑ ማከራየት ትርፋማ ንግድ ሆነ። ግቢዎቹ አንድ የውኃ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃና አንድ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ የሚጋሩ ጠባብ ክፍሎች ነበሯቸው።

ሞካ ለዚህ ዘመን ጥሩ ምሳሌ ናት። በ1917 የመላ ከተማዋን ሥራ ያቆመው የሠራተኞች አድማ የጀመረው በዚያ በሚገኘው የክሬስፒ ጥጥ ፋብሪካ ነው። ከአድማው መሪዎች ብዙዎቹ ኢጣሊያውያንና ስፔናውያን ነበሩ፤ የአድማውን ቁጣ ያባባሰውም በፖሊስ ጥይት የሞተው ወጣት ስፔናዊ ጫማ ሰፊ ነበር። የዚሁ ፋብሪካ ሠራተኞች በ1924 የመሠረቱት የዡቬንቱስ እግር ኳስ ክለብ ዛሬም በሰፈሩ ይጫወታል። በብራስና በሞካ የኖረው ሰው ተከራይ ነበር፤ የራሱን ጎጆ የሚቀልስበት ቦታ ለማግኘት ሐዲዱን ተከትሎ ወደ ውጭ መውጣት ነበረበት።

ከጡብ ሠሪዎች መንደር ወደ ፋብሪካ ከተማ

ወደ ሳንቶስ በሚወስደው መስመር ላይ፣ ከብራስ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ የቤኔዲክት መነኮሳት ንብረት የሆነ ሳኦ ካኤታኖ የሚባል እርሻ ነበር። መነኮሳቱ በባሪያ ጉልበት ጡብና ክዳን ያመርቱበት ነበር። መንግሥት መሬቱን ወስዶ በሐምሌ 1877 ከኢጣሊያ ቬኔቶ አካባቢ የመጡ ቤተሰቦችን አሰፈረበት። ሰፋሪዎቹ ወይንና አትክልት ተከሉ፤ የኖሩበት ግን በወንዙ ዳር የሚገኘው ሸክላ አፈር ነው። ሳኦ ፓውሎ ከጭቃ ቤት ወደ ጡብ ቤት እየተሸጋገረች ስለነበር ጡቡ ገዢ አላጣም። በ1883 የባቡር ጣቢያ ሲከፈት የመንደሩ ዕጣ ፈንታ ተለወጠ። ሐዲድ፣ ሰፊ ሜዳ፣ ውኃና በአቅራቢያው የሚኖር ሠራተኛ በአንድ ቦታ ተገኙ።

ከዚያ በኋላ ፋብሪካዎቹ ተከታተሉ። በ1881 ከኢጣሊያ ካስቴላባቴ መጥቶ የብራዚል ትልቁ ባለ ኢንዱስትሪ ለመሆን የበቃው ፍራንቼስኮ ማታራዞ በሳኦ ካኤታኖ ፋብሪካዎች ነበሩት። የፈረንሳዩ ሮዲያ ኬሚካል ድርጅት በ1919 በአጎራባቿ ሳንቶ አንድሬ ተቋቋመ። ጄኔራል ሞተርስ በ1930 ሳኦ ካኤታኖ ገባ። የወላጆቹን ቦታ ለልጆቹ ያካፈለው ጡብ ሠሪ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ቀጥሎም ለአዲስ መጤ ሠራተኞች ክፍል የሚያከራይ ባለቤት ሆነ። በ1947 ከሳኦ ፓውሎ ወደ ሳንቶስ የሚወስደው የአንሺዬታ አውራ ጎዳና ሲከፈት ከሐዲዱ ርቃ የነበረችው ሳኦ ቤርናርዶ ተራዋን አገኘች፤ ፎልክስቫገን ትልቁን ፋብሪካውን በ1959 በዚያ አስመረቀ። ከእንግሊዛውያኑ መንደር ከፓራናፒያካባ ወዲህ ሁለተኛው የባለሙያ የውጭ አገር ሰዎች ማዕበል፣ ማለትም ጀርመናዊ መሐንዲሶችና የፋብሪካ አለቆች፣ ከነቤተሰባቸው የደረሱት በዚህ ጊዜ ነው።

ሳኦ ካኤታኖ በ1948 በሕዝበ ውሳኔ ራሷን የቻለች ከተማ ሆነች። ስፋቷ 15 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ በሰው ልማት መለኪያ ከብራዚል ከተሞች ሁሉ የአንደኝነቱን ስፍራ የያዘች ናት። ባዶ እጃቸውን የመጡ ሰፋሪዎች የቆረቆሯት ይህች መንደር ዛሬ ባዶ እጁን ለሚመጣ ሰው ኪራይዋ አይቀመስም።

የምሥራቁ መስመርና የጃፓናውያን ማሳ

በ1877 የተጠናቀቀውና ሳኦ ፓውሎን ከሪዮ ያገናኘው መስመር ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። በላዩ ያሉት ጣቢያዎች፣ ከኢታኬራና ከጓያናዜስ እስከ ፖዋ፣ ሱዛኖና ሞጂ ዳስ ክሩዜስ፣ ለረጅም ጊዜ የገጠር ማቆሚያዎች ነበሩ። ይህን አካባቢ በተለይ የለወጡት ጃፓናውያን ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ 781 ጃፓናውያን ካሳቶ ማሩ በተባለች መርከብ ሰኔ 1908 ሳንቶስ ደረሱ። እንደ ኢጣሊያውያኑ ሁሉ የተላኩት ወደ ቡና እርሻ ነበር፤ እንደ ኢጣሊያውያኑም ብዙዎቹ ብዙ ሳይቆዩ ተዉት። ከከተማው ጥቂት ወጣ ብለው መሬት እየተከራዩ፣ ቆይተውም እየገዙ ድንች፣ ቲማቲም፣ ጎመንና ፍራፍሬ ማምረት ጀመሩ። በ1919 በሞጂ ዳስ ክሩዜስ፣ በ1920ዎቹ በኢታኬራ ሰፈሩ። የኢታኬራ ኮክ በከተማው ገበያ ስሙ የታወቀ ነበር። በምዕራብ በኩል ኮቲያ ላይ ድንች አምራቾች በ1927 የመሠረቱት የኅብረት ሥራ ማኅበር በላቲን አሜሪካ ከነበሩት ትላልቆች አንዱ ለመሆን በቅቶ ነበር። የሳኦ ፓውሎ ሰው ዛሬ የሚመገበው ቅጠላ ቅጠል ከፊሉ የሚመጣው አሁንም ከሞጂና ከሱዛኖ ነው። በኢታኬራ አጠገብ በሚገኘው የካርሞ መናፈሻ በየዓመቱ የሚከበረው የሳኩራ አበባ በዓል የዚያ ሰፈራ ትዝታ ነው።

ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡትም ዋጋው ዝቅ ያለውን ዳርቻ መረጡ። ሊትዌኒያውያን ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቪላ ዜሊና ተሰባሰቡ፤ ሀንጋሪያውያን ደግሞ በምዕራብ በቪላ አናስታሲዮ። በእያንዳንዱ ሰፈር ታሪኩ አንድ ነው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ቦታ ይገዛል፣ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን ይሠራል፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ይከፈታል።

በሩ ሲጠብ

በ1930ዎቹ የፕሬዚዳንት ዤቱሊዮ ቫርጋስ መንግሥት ከመጤዎች ፊቱን አዞረ። የ1934ቱ ሕገ መንግሥት ከየአገሩ በየዓመቱ የሚገባውን ሰው ባለፉት 50 ዓመታት ከዚያው አገር መጥቶ ከሰፈረው 2 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ዋና ዒላማው ጃፓናውያን ነበሩ። ከ1938 ጀምሮ በባዕድ ቋንቋ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች፣ ቀጥሎም ጋዜጦች ተዘጉ። ብራዚል በጥር 1942 ከጀርመን፣ ከኢጣሊያና ከጃፓን ጋር ግንኙነቷን ስታቋርጥ የእነዚህ አገሮች ተወላጆች በአደባባይ በቋንቋቸው እንዳይነጋገሩ ተከለከሉ። በ1943 ጃፓናውያንና ጀርመናውያን ከሳንቶስና ከባሕር ዳርቻው በአጭር ማስጠንቀቂያ እንዲወጡ ተደርጎ በባቡር ወደ ብራስ ማረፊያ ተወሰዱ። 

ከውጭ የሚመጣው ሲቀንስ የፋብሪካውን ጥያቄ የሞላው ከሰሜን ምሥራቅ ብራዚል በድርቅና በመሬት እጦት የተነሣው ሕዝብ ነው። እርሱም ያረፈው በዚያው በብራስ ማረፊያ፣ የሰፈረውም በዚያው መስመር ዳር ነበር።

ቦታ በብድር፣ ቤት በእሑድ

ዛሬ የሚታየው ዳርቻ የተወለደው ከሁለት ሕጎች በኋላ ነው ማለት ይቻላል። በ1937 የወጣው ሕግ ቦታ በየወሩ እየተከፈለ ሲሸጥ ለገዢው ዋስትና ሰጠ። በ1942 የወጣው ሕግ ደግሞ የቤት ኪራይን ባለበት አገደው። ኪራይ ሲታገድ ባለሀብቱ የኪራይ ቤት መሥራት ተወ፤ ነባሩን ተከራይ አስወጥቶ ማፍረስ ይበልጥ አዋጣው። መሀል ከተማ ቤት ያጣው ሠራተኛ ዳር ላይ ቦታ ከመግዛት ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ቦታ ሻጮቹ ዘዴ ነበራቸው። ሰፊውን መሬት ከገዙ በኋላ መጀመሪያ የሚሸጡት ከጣቢያው እጅግ የራቀውን ጫፍ ነው። የሰፈረው ሕዝብ መብራት፣ ውኃና አውቶቡስ እየጠየቀ ከንቲባውን ሲያስጨንቅ መስመሩ መካከል ላይ በተተወው ባዶ ቦታ በኩል ያልፋል፤ ባዶው ቦታም ያለ ድካም ዋጋው ይንራል። ብዙው ሽያጭ ካርታና ፈቃድ አልነበረውም። በአዲስ አበባ የጨረቃ ቤት የሚባለው ዓይነት ግንባታ በሳኦ ፓውሎ ዳርቻ ዋነኛው የአሠራር መንገድ ሆነ። የቦታ አነስተኛ ስፋት 125 ካሬ ሜትር እንዲሆን የደነገገው ሕግ የወጣው በ1979 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ዳርቻው በአብዛኛው ተይዞ ነበር።

ቤቱ የሚሠራው በትርፍ ጊዜ ነው። መጀመሪያ ከቦታው ጀርባ በኩል አንድ ክፍልና ኩሽና ይቆምና ቤተሰቡ ከኪራይ ይወጣል። ከዚያ ደመወዝ በተገኘ ቁጥር ጥቂት ብሎኬት፣ ጥቂት ፌሮ፣ ጥቂት ከረጢት ሲሚንቶ ይገዛል። ግድግዳው ሲያልቅ ትልቁ ቀን ይመጣል፤ የሶሌታው ሙሌት። ኮንክሪት አንዴ ከተቦካ መቆም ስለሌለበት ሥራው በአንድ ቀን ማለቅ አለበት፤ ስለዚህ ዘመድ፣ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ እሑድ በማለዳ በደቦ ይጠራል። ወንዶቹ በባልዲና በቆርቆሮ ጣሳ ኮንክሪቱን እየተቀባበሉ ያወጣሉ፣ አንዱ በጣውላ ያስተካክላል፣ ሴቶቹ ባቄላና ሥጋ በትልቅ ድስት ይቀቅላሉ። ገንዘብ የሚቀበል የለም፤ ብድሩ የሚከፈለው ሌላው ሲጠራ በመገኘት ነው። ሶሌታው ጣሪያ ብቻ ሳይሆን የቀጣዩ ፎቅ ወለል ነው። ዓምዶቹ ላይ የፌሮው ጫፍ ሳይቆረጥ ይተዋል፤ ልጅ ሲያገባ ከላይ ይሠራል፣ ካላገባም ይከራያል።

እንዲህ ያለው ቤት ከጀርባና ከላይ የሚከራይ ክፍል ስላለው ዳርቻው ቀስ በቀስ የትናንሽ አከራዮች አገር ሆነ። በኋላ ለመጡት የውጭ አገር ሰዎች በሩን የከፈተው ይህ ነው።

አምስት ሰዓት ያልሞላው ባቡር

ቦታው ርካሽ የነበረው ጊዜ ስለሚበላ ነው። የእንግሊዞቹ ፈቃድ በ1946 ሲያበቃ መስመሩ ወደ መንግሥት ተላለፈ፤ ነገር ግን የሕዝቡን ብዛት የሚመጥን ባቡር አልመጣም። በአገሬው አቆጣጠር ከንጋቱ አምስት ሰዓት ሳይሞላ፣ ማለትም ሊነጋጋ ሲል፣ የጓያናዜስና የማዋ ጣቢያዎች በሰው ይሞላሉ። ሠራተኛው ምሳ ዕቃውን በጨርቅ ጠቅልሎ ይሳፈራል። ውስጥ ቦታ ያጣው በተከፈተ በር ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል፤ ከዚያ የሚወድቅ ሰው ሞት የተለመደ ዜና ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ባቡር በዘገየና በተበላሸ ቁጥር የተቆጣ ሕዝብ ጣቢያ መስበሩና ፉርጎ ማቃጠሉ በሳኦ ፓውሎም በሪዮም ተደጋግሟል።

መሻሻሉ በዝግታ መጣ። የሳኦ ፓውሎ የምድር ውስጥ ባቡር በ1974 ሥራ ጀምሮ በ1988 ኢታኬራ ደረሰ። በታኅሣሥ 1985 የወጣው የትራንስፖርት ድጎማ ሕግ፣ ቆይቶም ግዴታ የሆነው፣ ሠራተኛው ከደመወዙ እስከ 6 በመቶ ብቻ ከፍሎ ቀሪውን የመመላለሻ ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን አደረገ። በ1992 ሲፒቲኤም የተባለው የክፍለ ሀገሩ የከተማ ባቡር ድርጅት ተመሥርቶ የቀድሞዎቹን መስመሮች በአንድ ላይ ማስተዳደር ጀመረ። ታሪፉ በርቀት አይለያይም፤ መሀል ከተማ ካለው የሉዝ ጣቢያ አንድ ፌርማታ የሚሄደውና 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሞጂ የሚወርደው የሚከፍሉት እኩል ነው። በዚህ ምክንያት ሩቅ የሚኖር ሰው ልዩነቱን የሚከፍለው በብር ሳይሆን በእንቅልፉና ከልጆቹ ጋር በሚያሳልፈው ሰዓት ነው።

አዲሶቹ መጤዎች

ከ1960ዎቹ ወዲህ የመጡት የውጭ አገር ሰዎች የቀደሙትን ፈለግ በሌላ ሥራ ደገሙት። በ1963 በመርከብ መምጣት የጀመሩት ኮሪያውያን በቦም ሬቲሮና በብራስ የልብስ ሥራ ገቡ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ቦሊቪያውያን በእነርሱ ስፌት ቤቶች ተቀጠሩ፤ ቆይተውም የራሳቸውን ከፈቱ። ክፍያው በተሰፋው ልብስ ብዛት ስለሆነ ቀኑ ረጅም ነው፤ መኪናውና አልጋው በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። በአንዳንዶቹ ቤቶች የሠራተኛው ሁኔታ ከባርነት ጋር የሚመሳሰል ሆኖ በሥራ ተቆጣጣሪዎች ተገኝቷል። የመሀል ከተማ ኪራይ ሲወደድ ስፌት ቤቶቹ ወደ ጓያናዜስ፣ ጓሩልዮስና ኢታኳኬሴቱባ ወጡ። እዚህ ላይ የተመላላሽነቱ ሥርዓት ተገለበጠ፤ ሰውዬው እቤቱ ሲውል የተቆረጠው ጨርቅ ከብራስ ወደ ዳርቻ፣ የተሰፋው ልብስ ደግሞ ወደ ብራስ የሌሊት ገበያ ይመላለሳል። በፓሪ ሰፈር በሚገኘው የካንቱታ አደባባይ እሑድ እሑድ የሚቆመው የቦሊቪያውያን ገበያ ዜናም ሥራም የሚገኝበት ነው።

ከአፍሪካ አንጎላውያን፣ ኮንጎዎችና ናይጄሪያውያን መጡ። በጥር 2010 በሄይቲ የደረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ ተከትሎ ሄይቲያውያን በአማዞን በኩል፣ በአክሬ ክፍለ ሀገር ድንበር ገቡ። ብራዚል በ2012 ልዩ የሰብአዊነት ቪዛ ፈቀደችላቸው። ሳኦ ፓውሎ የደረሱት ብዙዎቹ መጀመሪያ ያረፉት በግሊሴሪዮ ሰፈር በሚገኘው የሰላም እመቤታችን ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከዚያ በግንባታና በጽዳት ሥራ ደመወዝ ሲያገኙ እንደ ጓያናዜስና ሳንቶ አንድሬ ወዳሉ የዳርቻ ሰፈሮች ወጡ።

የመግቢያው በርም ቦታ ለወጠ። የሳንቶስን ወደብ የተካው በጥር 1985 የተከፈተው የጓሩልዮስ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ እርሱም ራሱ በሠራተኛ ሰፈሮች የተከበበ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2013 ጀምሮ ሳኦ ፓውሎ ስለሚበር ከምሥራቅና ከመካከለኛው አፍሪካ እንዲሁም ከእስያ ለሚነሣ መንገደኛ አዲስ አበባ አንዷ መሸጋገሪያ ሆናለች። በ2022 የሰብአዊነት ቪዛ ይዘው የመጡ አፍጋናውያን ማደሪያ አጥተው በዚሁ ማረፊያ ወለል ላይ ለቀናት ያደሩበት ጊዜ ነበር።

ኪራይ፣ ዋስና ወረቀት

አዲስ መጤን ወደ ዳርቻ የሚገፋው የኪራዩ መጠን ብቻ አይደለም። በብራዚል መደበኛ የቤት ኪራይ ውል ብዙ ጊዜ ዋስ ይጠይቃል፤ ዋሱ በከተማው የራሱ ቤት ያለው ሰው ቢሆን ይመረጣል። ትናንት የገባ ሰው እንዲህ ያለ ዘመድ ከየት ያመጣል? የ1991ዱ የኪራይ ሕግ በምትኩ መያዣ ገንዘብ ማስያዝን ይፈቅዳል፤ ከሦስት ወር ኪራይ ግን መብለጥ የለበትም። ሦስት ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ ማውጣት የማይችለው ቤቱን ከባለቤቱ በቃል የሚከራይበትን ሰፈር ይፈልጋል። ያ ሰፈር ከጀርባው ክፍል፣ ከላዩ ሶሌታ ያለው ዳርቻ ነው። አከራይዋ አብራ በግቢው ትኖራለች፣ የመብራት ቆጣሪው የጋራ ነው፣ ጠብም ዕርቅም ፊት ለፊት ነው።

የቃል ውል ግን የራሱ ጣጣ አለው። ባንክ ሒሳብ ለመክፈትም ሆነ ልጅ ለማስመዝገብ የመኖሪያ ማረጋገጫ ይጠየቃል፤ ማረጋገጫው በአብዛኛው በራስ ስም የመጣ የመብራት ወይም የውኃ ደረሰኝ ነው። ተከራዩ ስሙ በደረሰኙ ላይ ስለሌለ አከራይዋ እየፈረመች ትመሰክርለታለች። ከዚህ ሌላ 11 አኃዝ ያለው የግብር ከፋይ ቁጥርና ከፌዴራል ፖሊስ የሚሰጠው የመጤ መታወቂያ ያስፈልጋሉ። በሌላ በኩል በ1988ቱ ሕገ መንግሥት የተመሠረተው ነጻ የሕዝብ ጤና አገልግሎትና የመንግሥት ትምህርት ቤት ለውጭ አገር ሰውም ክፍት ናቸው፤ በዝቅተኛ ገቢ ዳር ላይ መኖርን የሚያስችሉት እነዚህ ናቸው።

ሕጉም ተለውጧል። በወታደራዊው አገዛዝ ዘመን፣ በ1980 የወጣው የውጭ አገር ሰዎች ሕግ መጤውን በዋናነት የሚያየው እንደ ጸጥታ ጉዳይ ነበር። ያለ ፈቃድ የሚኖሩትን ሕጋዊ ለማድረግ በ1981፣ በ1988፣ በ1998 እና በ2009 ምሕረት ተደርጓል። ቦሊቪያውያን ከ2009 ወዲህ በአካባቢው አገሮች ስምምነት መሠረት የመኖሪያ ፈቃድ በቀላሉ ያገኛሉ። በ2017 የጸደቀው የስደት ሕግ የቀድሞውን ሽሮ የመጤውን መብት መነሻው አደረገ። የሳኦ ፓውሎ ከተማ አስተዳደር ደግሞ በ2014 ለመጤዎች የምክርና የድጋፍ ማዕከል ከፍቶ በ2016 የራሱን የስደተኞች ፖሊሲ በሕግ አጽድቋል። ከ2022 ጀምሮ በወር ቢያንስ 1,500 ዶላር ከውጭ የሚያገኝና በኢንተርኔት የሚሠራ ሰው ልዩ ቪዛ ማግኘት ይችላል። ይህ ሰው በገቢው ረገድ የፓራናፒያካባው መሐንዲስ ወራሽ ነው፤ የቤት ችግሩ ግን ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው፣ ዋስ እርሱም የለውም።

የሚገፋው ዳርቻ

የባቡሩ መስመር ባለበት ሲሆን ርካሽ የሆነው ቦታ ግን ይርቃል። ፋብሪካዎቹ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲዘጉና ከከተማው ሲወጡ በሞካ በቦታቸው የመካከለኛ ገቢ ሰዎች ሕንጻዎች ቆሙ። ኢታኬራ የምድር ውስጥ ባቡርና በ2014 የዓለም ዋንጫ የተከፈተበት ስታዲየም ካገኘች ወዲህ የጥንቱ ዋጋ የለም። በአንድ ወቅት የመጨረሻ የነበረው ጣቢያ መካከለኛ ይሆናል፤ አቅም የሌለው ወደሚቀጥለው ያልፋል። የዛሬዎቹ መጤዎች ከጓያናዜስ አልፈው በፌሃዝ ዴ ቫስኮንሴሎስ፣ በፖዋና በኢታኳኬሴቱባ ክፍል የሚከራዩት በዚህ ምክንያት ነው።

በከተማ ቤት መግዛት ለውጭ አገር ሰው አልተከለከለም፤ የሕግ ገደቡ ያለው በገጠር መሬት ላይ ነው። የመምረጥ መብት ግን የለውም፤ ስለዚህ ውኃው፣ መንገዱና ባቡሩ ሲጓደል አቤቱታውን የሚያሰማው በጎረቤቶቹ ማኅበርና በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ነው። በብራዚል ምድር የተወለደ ልጁ በትውልዱ ዜጋ ሲሆን፣ ወላጁም በልጁ ምክንያት ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ማግኘት ይችላል። የቬኔቶ ጡብ ሠሪዎች የልጅ ልጆች ከንቲባ የሆኑት በዚሁ ሕግ ነው፤ በጓያናዜስ ትምህርት ቤቶች የሚማሩት የቦሊቪያውያን፣ የናይጄሪያውያንና የሄይቲያውያን ልጆችም ከ16 ዓመታቸው ጀምሮ የሚመርጡትና ከ18 ዓመታቸው ጀምሮ የሚመረጡት በእርሱ ነው።